ግጥም የሌለው ካሴት

የደብረ ብርሃን ብርድ ግድግዳ ሰንጥቆ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናትና ፀሐዩ ፊት እየለበለበ ጥላው እግር ያደነዝዛል። በዚህ ብርድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አምስት ሰዎች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንበን ስለ ዘፈን እንጨቃጨቃለን። ክፍሏ ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበረች። አሁን ፎቶ ኮፒ ይነሣባታል፣ የሞባይል ካርድ ይሸጥባታል። ከድሮው የቀሩት ከጣሪያው ሥር ያለው የካሴት መደርደሪያና ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን።

ሌሎቻችን እንዲህ ነን። አንዱ የመንዝ ልጅ ነው፤ መምህር ነው፣ ግጥም በቃሉ ይወጣዋል። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተራ ሲደርሳት በጆሮ ማዳመጫ የማትሰማው የዓለም ሙዚቃ የለም። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ከሁላችንም ብዙ የሚሰማው እሱ ነው፣ ጠዋት የከፈተውን ማታ ነው የሚዘጋው። አራተኛው ጋሼ ናቸው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ከሁሉም ያነሰ ጆሮና ከሁሉም የበዛ አስተያየት ያለኝ።

ሕጋችን አንድ ነው፦ አዲስ አልበም ሙሉውን ሳይሰማ አስተያየት የሰጠ የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። ሕጉን ያወጣነው ከአንድ ውርደት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ መምህሩና ባለ ባጃጁ በአንድ አዲስ አልበም ሦስተኛ ዘፈን ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። አንዱ «እንዲህ ያለ የሚያሳዝን ዘፈን ሰምቼ አላውቅም» ይላል፤ ሌላው «ሠርግ ቤት የሚያስጨፍር ነው እንጂ የምን ሐዘን» ይላል። ጓደኝነታቸው ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ነርሷ የሁለቱንም ስልክ ተቀብላ አየች። ዘፈኑን ያስጫኑት ከተለያየ ቤት ነበር። የአንዱ ፋይሎች በላቲን ፊደል ተጽፈው በዚያ ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል፤ የሌላው ደግሞ ሚሞሪው ላይ በተገለበጡበት ተራ ይጫወታሉ። የአንዱ ሦስተኛ የሌላው ዘጠነኛ ነበር። ዘፋኙ ወራት ፈጅቶ፣ የቱ ይቅደም የቱ ይከተል ብሎ የደረደረውን ሥራ ስልኮቻችን እንደ ካርታ በውዘውት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተራ ቁጥር አንናገርም፤ በስሙ ነው።

እንግዲህ የምንጨቃጨቅበትን ነገር ላውራ። የካሴት ሽፋን ገልብጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በመጀመሪያ «ግጥም» ይላል፣ ቀጥሎ «ዜማ»፣ ቀጥሎ «ቅንብር»፣ ከሥር በደቃቅ ፊደል የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ስም ይመጣል። የእኛም ክርክር በዚያው ተራ ይሄዳል፤ ችግሩ ከመጀመሪያው መስመር አለማለፉ ነው። አዲስ አልበም ወጣ ሲባል የምንጠይቀው «ግጥሙ እንዴት ነው?» ብለን ነው። ዘፋኙ «አንቺ» ባለ ቁጥር «አንቺ» ማን ናት የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ሴት ናት? አገር ናት? እናት ናት? መምህሩ አገር መሆኗን በሦስት ማስረጃ ያረጋግጣል። ባለ ባጃጁ «ኧረ ባክህ፣ ልጅቷን ወዷት ነው» ይላል። ነገሩ ባዶ ጨዋታ አይደለም። ሰምና ወርቅ ስንፈታ ያደግን ሰዎች ነን፤ በዚያ ላይ የዘፈን ግጥም በሳንሱር የሚያልፍበት ዘመን አገሩን ሁሉ ከቃል በስተጀርባ ሌላ ቃል እንዲፈልግ አስለምዶታል። ቴዲ አፍሮ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2017 «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ሲያወጣና ሥራው የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ አናት ላይ ሲወጣ፣ እዚህ ሻይ ቤቱ ሁሉ የግጥም ማብራሪያ ጉባኤ ሆኖ ነበር። ከበሮው እንዴት ነው፣ ጊታሩ የት ጋ ይገባል ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። (ዘመኑን ሁሉ ከዚህ በኋላ በዚሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አልበሞቹ በዓለም የሚታወቁት በዚያ ነውና።)

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ግን ነርሷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ዛሬ አዲስ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም» አለች። ከፈተችው።

መጀመሪያ የመጣው ቀለል ያለ፣ እንደ ሰዓት የማይዛነፍ የከበሮ ምት ነበር፤ የሰው እጅ እንዳልመታው ያስታውቃል። በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ፒያኖ። በዚያ ላይ ደግሞ አኮርዲዮን ገባ፤ እየተነፈሰ፣ እየተቅለሰለሰ፣ ልክ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያውቁትን ዜማ ለራሱ ሲያንጎራጉር። ዘፋኝ የለም። ጠበቅን። አልመጣም። ሁለተኛው ዜማ ተከተለ፤ እሱም እንደዚያው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ ዝም ብለናል።

ዝምታው የአድናቆት እንዳይመስላችሁ። የምንለው ነገር ጠፍቶን ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስለ ሙዚቃ ስንለፈልፍ የኖርን ሰዎች፣ ግጥሙ ሲወሰድብን እንደ ዲዳ ተቀመጥን። መምህሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጥሩ ነው… ለዜና ማጀቢያ ይሆናል» አለ። እውነቱን ነው፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ እኛ ዘንድ ሬዲዮ ላይ ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ፣ ሰው እስኪመጣ የሚቆይ ወንበር ማሞቂያ ነበር። ባለ ባጃጁ «አንድ የዘመኑ ወጣት በኮምፒውተር የሠራው ነው» ብሎ ወሰነ። እኔም «አዲስ ስልት ነው፣ የድሮውን ከዘመናዊው ያዳቀለ» አልኩ፤ ሳልሰማው በፊትም ልለው የምችለውን አስተያየት።

ጋሼ ግን ተነሥተው መሰላል አቆሙ። ከመደርደሪያው በላይኛው ረድፍ አቧራ እፍ እያሉ ፈለጉ፤ ፈለጉና አንድ ካሴት ይዘው ወረዱ። «ይኸው አዲሱ ነገራችሁ» አሉ። «ሸሞንሟናዬ። ኃይሉ መርጊያ። ይህን ስሸጥ አንተ» ወደ ባለ ባጃጁ እያመለከቱ «እናትህም አላገባችም ነበር።» ጥቂት ቆይተው፣ ያን ያህል ግድ እንደሌለው ሰው፣ «ደግሞ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው» ብለው ጨመሩ።

ማንም አላመናቸውም። የከተማችን ስም ሲነሣ የሚነሣው ዘርዐ ያዕቆብ ነው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ነው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውና ቢራው። ነርሷ ግን እያነበበች መጣች፤ እውነት ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ነው። አኮርዲዮን ራሱን በራሱ አስተማረ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዓመታት ሠራ። ባንዱ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሥራ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘ ዜማ ከፍተን ስንሰማ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ስሙን ነው የማናውቀው። ምናልባት ስሙን ያልያዝነው ግጥም ስለሌለው ነው፤ ዘፈን የምንጠራው በአዝማቹ ነዋ።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ትርኢት ካቀረበ በኋላ ከአባላቱ ጥቂቶቹ እዚያው ሲቀሩ ኃይሉም ዋሽንግተን አካባቢ ቀረ። ጋሼ እጅ ላይ ያለችው ካሴት የተሠራችው በ1985 እዚያው ነው። ባንዱ አጠገቡ ስላልነበረ ብቻውን ሠራት፤ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን እየደራረበ፣ ከበሮውን ለምት ማሽን እየሰጠ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው እንጀራ አልሆን ብሎት ታክሲ ነዳ፤ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ባለ ባጃጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ተሳፋሪ ስጠብቅ እተኛለሁ» አለ በቀስታ።

አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴት ቤት ገብቶ ይህን ሥራ አገኘና ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ሰውየው ስድሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ መዞር ጀመረ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ነርሷ እንግዲህ የሰማችው ያንን ከውጭ ዞሮ የመጣውን ነው። ካሴቱ ከጭንቅላቷ በላይ ሁለት ሜትር ላይ አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ እሷ ከባሕር ማዶ አመጣችው። ጋሼ ይህን ነገር እየደጋገሙ ይስቁበታል። እኔን ግን ብዙም አላሳቀኝም። እሳቸውስ ለምን አንድ ቀን አላወረዱትም? ጠየቅኋቸው። «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «እናንተ የምትጠይቁኝ ማን ምን አለ ብላችሁ ነው። ይህ ሰው ምንም አላለም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሴቱን ራሱን እንስማው ተባለ። የጋሼ ቴፕ ለዓመታት አልተነካምና ጎማው ላልቷል፤ ባለ ባጃጁ አንድ ላስቲክ ቆርጦ አስተካከለው። ተጫወተ፤ ግን ዘገም ብሎ፣ ድምፁም ወረድ ብሎ። ወዲያው አዲስ ክርክር ተነሣ፤ ትክክለኛው ፍጥነት የቱ ነው? ነርሷ የስልኩ ነው ትላለች። ጋሼ እኔ ስሸጠው እንዲህ ነበር አሉ፤ መቼም ላስቲክ ከእውነት ጋር ሲስማማ ያን ቀን አየሁ። እኔ ያስገረመኝ ሌላ ነው። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ፤ ካሴቱን መገልበጥ ነበረብን። በዚያች መገልበጫ ጊዜ ሁላችንም ማውራት ጀመርን። ለካ ካሴት የወሬ ሰዓት ነበረው! ግማሹን ሰምተህ ትቆማለህ፣ ቡና ትቀዳለህ፣ ትናገራለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ በአዲስ ጆሮ ትጀምራለህ። ስልኩ እንዲህ ያለ ትንፋሽ አይሰጥም፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይደርብብሃል፣ አልበሙ ሲያበቃም ማብቃቱን ሳይነግርህ የሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ ይጥልሃል።

በዚሁ ላይ የቆየ ቁርሾ ተነሣ። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ ባለ ባጃጁ ዓለሙን ሁሉ ረስቶ ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃን ከአገር ቤት ድምፅ ጋር ያገናኘ ሥራ ነው። ጋሼ ያኔ የሰጡት አስተያየት «ወፍጮ ቤት!» የሚል ነበር፤ አንድ ቃል፣ ይግባኝ የሌለው። ሙዚቃ ማለት ከሰው እጅና ከሰው ሳንባ የሚወጣ ነው፣ ማሽን የሚመታው ከበሮ ከበሮ አይደለም ብለው ለዓመታት ቆይተዋል። ነርሷ አሁን ካሴቱን ብድግ አድርጋ «ጋሼ፣ ይህን ከበሮ ማን ነው የመታው?» አለቻቸው።

ጋሼ ካሴቱን አዩ። ቴፑን አዩ። «ይሄ… የተለየ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ይሄ የቸገረው ሰው ነው። ባንዱ አጠገቡ ቢኖር ማሽን ምን ያደርግለታል?»

እኔ መልሱ ትክክል ነው አልልም። ነገር ግን ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያመላልሰኝ ይህ ነው። አንድን ድምፅ የምንወደው ለድምፁ ነው ወይስ ከኋላው ላስቀመጥነው ታሪክ? በ1980ዎቹ ነፋስ መሣሪያ የሚነፉት ትልልቅ ባንዶች እየሳሱ አንድ ኪቦርድ ቦታቸውን ሲወስድ፣ የዚያ ዘመን አድማጭም «ይህ ምን ሙዚቃ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ዛሬ ያንን ኪቦርድ ስንሰማ እንባችን ይመጣል። ባለ ባጃጁ ሃያ ዓመት ቆይቶ የልጁን ሙዚቃ «ወፍጮ ቤት» እንደሚለው በገንዘብ እወራረዳለሁ። በነገራችን ላይ ወፍጮ ስድብ መሆኑን መምህሩ አልተቀበለም። አያቱ መንዝ ውስጥ በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩት ዜማ ከወፍጮው ድምፅ ጋር እየሄደ ነበር፤ ወፍጮው ነው ምቱን የሚሰጣቸው። «ማሽን ላይ መዝፈን ያስተማሩን ሴት አያቶቻችን ናቸው» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አዲስ ሕግ አወጣን፦ ለአንድ ወር ማንም ስለ ግጥም አይናገር። ዘፋኝ ያለበትም ቢሆን፣ የሚወራው ከመጀመሪያው መስመር በታች ስላለው ብቻ ነው። የጣሰ ቡና ይከፍላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሳፋሪ ነበር። «ያምራል»፣ «ደስ ይላል»፣ «ይከብዳል»፤ በቃ፣ እነዚህን ሦስት ቃላት እንደ ኳስ ተቀባበልናቸው። መምህሩ ቅኝት ያውቃልና አራቱን ቆጠረልን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ያለው፤ ትዝታም ሙሉና ግማሽ ተብሎ የሚከፈል። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸው ሲለን ባለ ባጃጁ «ሸዋስ ምን ሰጠ?» ብሎ ጠየቀ። «አስተያየት» አሉ ጋሼ።

የቅኝት ስም ማወቅ ግን ያሰብነውን ያህል አልጠቀመንም። «ይህ አምባሰል ነው» ካልክ በኋላስ? የዕፅዋት ስም እንደማወቅ ነው፤ ሽታውን አይነግርህም። ቃሉ የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። ነርሷ አንድ ቀን አኮርዲዮኑን እየሰማች «እዚህ ጋ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ በረጅሙ ይስበዋል» አለች። እውነትም፣ ሲሰሙት፣ ደረቱ የሚወጣ የሚወርድ ሰው ነበር። ባለ ባጃጁ ያን የማሽን ከበሮ «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ነው፤ ሦስተኛ ሊያስገባ ይችላል ግን አያስገባም» አለ። ከዚያ ወዲህ ያን ምት ስሰማ ሁልጊዜ ማርሹ እስኪቀየር እጠብቃለሁ፤ አይቀየርም፣ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። መምህሩ ሦስት ሳምንት ዝም ካለ በኋላ አንዱን ዜማ «ሰሌዳ ፊት የቆመ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ መልሱን ያውቃል፣ ቶሎ አይናገርም» ብሎ ገለጸው። ጋሼ ከሰማነው ሁሉ የባስ ጊታሩን እየለዩ «ይሄ ዕዳውን በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ነው» ይላሉ። እያንዳንዱ ከእንጀራው ነበር የሚናገረው። እኔ በጽሕፈት የምኖር ሰው ብቻ ቃል አጣሁ፤ ሁለት ጊዜ ቡና ከፈልኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ነበረብኝ። አባዱላው ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ጭላዳዎቹ ከመንገድ ዳር እንደ ጥላ ይታያሉ። የሹፌሩ ፍላሽ ተበላሽቶበት ስለነበር «ዘፈን ካለህ አገናኘው» አለኝ። ሸሞንሟናዬን ከፈትኩ። ከኋላዬ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ጥቂት እንደሰሙ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«አይገባም እማማ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።»

«ኧረ ተው!» አሉ። «እንግዲያ ይህን ሁሉ ቦታ ለማን ነው የተወው?»

ሹፌሩ ሳቀ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ገባን፤ ጨለመ፣ የሞተሩ ድምፅ ግድግዳው ላይ እየተላተመ አኮርዲዮኑን ዋጠው። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙዚቃው ተመልሶ ተሰማ፤ ከሙዚቃው ጋር ሌላ ድምፅ ነበር። እማማ ናቸው። በቀስታ፣ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ ማለት ይቻላል፣ አንድ ነገር ይላሉ። ከዜማው ላይ አንዴ ይወጣሉ፣ አንዴ ይወርዳሉ፤ አኮርዲዮኑ ሲያርፍ ይገባሉ፣ ሲመለስ ያሳልፉታል። ዞሬ ማየት አፈርኩ። ደብረ ሲና ደርሰን ረዳቱ ዘንቢላቸውን ሲያወርድላቸው ጸጥ አሉ፤ «በሉ ደኅና ግቡ» ብለውን ነጠላቸውን አጣፍተው በጉሙ ውስጥ ሄዱ።

ቅዳሜ ይህን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ነርሷ ዝም አለች። ባለ ባጃጁ «ይህን ሁሉ ቦታ ለማን ነው የተወው» የሚለውን ደጋግሞ ለራሱ አለው። ጋሼ ቴፑን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ። መምህሩ ግን ከተቀመጠበት ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑ እየበራ፣ «ቆይ ቆይ፣ ግጥሙ ምን ይል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቡናውን እሱ ከፈለ።